ቀበሮ የወሰደው ጫማ

ሰማዩ የተቀደደባቸው ዳገቱን አጋምሰው ሳሉ ነው። ከሐይቁ ዳር ከባቡር ወርደው ጫካውን ሲይዙ ፀሐይ ነበረች፤ አሁን ነጎድጓዱ ከተራራ ተራራ እየተቀባበለ ይጮኻል፣ ጭቃውም ከእግራቸው ሥር ይከዳል። ስለሺ የዛፍ ሥር እየጨበጠ ከፊት ይወጣል። መሃል ላይ የእኅቱ ልጅ ማህደር፣ ከኋላ ደግሞ እናቷ የሻሽወርቅ በላስቲክ የተጠቀለለ ባለወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ታቅፋ ትከተላለች።

«ማሚ፣ ጃንጥላ ይዘን ለምንድነው የምንበሰብሰው?» አለች ማህደር ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«የማርያም ነው። የስለት ነው። ለእሷ ሳይሰጥ አይዘረጋም።»

«እሷ ቤት ውስጥ ናት እኮ!»

ስለሺ ሳቁን ዋጠ። ዙሪክ፣ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያጸዳ አድሮ ሳይተኛ ነው የመጣው። እኅቱም ብትሆን ያው ናት፤ ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት ስትሠራ ፈቃድ የምታገኘው አሠሪዎቿ ለእረፍት ሲሄዱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፍልሰታ ስለሆነ ሁለቱም እህል አልቀመሱም።

ማህደር ሕፃን ሳለች ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያኔ ስለሺ እኅቱን በስልክ «ከዙሪክ ወዲያ አይንዚደልን የሚባል ገዳም አለ፣ እመቤታችን አለችበት» አላት። የሻሽወርቅ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ «ልጄን አሳድጊልኝ እንጂ፣ እሷንም ጃንጥላም ይዤ ዳገቱን በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ልጅቷ ዳነች፤ ስለቱ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ያልገባ ስለት እንቅልፍ ይነሳል። ማህደር ባሳለች ቁጥር የሻሽወርቅ «የሰጠችኝን መልሳ ልትወስድብኝ ነው» እያለች ትባንናለች። ይህን ለልጅቷ አንድም ቀን ነግራት አታውቅም።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ አባራ፣ ወደ ገዳሙ የሚሄዱ የሚሳለሟት አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤትም ብቅ አለች። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ከነጫማ ነው። የሻሽወርቅ ግን እንደ አገሯ ሥርዓት ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ ገባች። ተሳልመው ሲወጡ አንድ ቀበሮ አንደኛውን ጫማ በአፉ አንጠልጥሎ ቆሞ አያቸው።

ስለሺ ተወረወረ። ቀበሮው ሜዳውን ሰንጥቆ ተፈተለከ፤ ስለሺም ተከተለው። ለላሞች የታጠረውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲዘል ነዝሮ ሣሩ ላይ ዘረረው። ጥጆች መጥተው ፊቱን አሸተቱት። ቀበሮው ግን ጫካ ገብቷል።

«ቢያንስ እንቅልፌ ለቀቀኝ» አለ ተመልሶ።

የራሱን ጫማ ሰጣት፤ በጣም ሰፍቷት ሁለት እርምጃ ሄዳ ወደቀችበት። ስለዚህ ቁልቁለቱን በካልሲ ወረደችው። ጠጠሩ መጀመሪያ ካልሲዋን፣ ቀጥሎ እግሯን በላው። ክዳን ያለው አሮጌ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ከውስጥ እግሯ ደም ይወጣ ነበር። ከድልድዩ ሥር ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ መነሳትም አቃታት።

ማህደር ሰሌዳውን አነበበች። «የሰይጣን ድልድይ ይላል።»

«መቼ ጠፋኝ! ከጠዋት ጀምሮ አብሮን ነው» አለች የሻሽወርቅ።

ስለሺ አጠገቧ ተንበረከከ። «እትዬ፣ ይበቃል። ማዶ አውቶቡስ አለ። እሱንም እምቢ ካልሽ ልዘልሽ።»

«በእግሬ ነው ያልኩት። በወንድሜ ጀርባ አላልኩም።»

«ለምንድነው ግን ማሚ? ማንን ብለሽ ነው?»

የሻሽወርቅ መሬት መሬቱን አየች። ድካሙ አፏን ፈታው። «አንቺን ነዋ! ዶክተሮቹ አንቺን ይዘው፣ ታድግ አታድግ አናውቅም ሲሉኝ ማንን ልለምን?»

የማህደር እጅ ደረቷ ላይ ወዳለው ጠባሳ ሄደ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታችና እናቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አንቺስ?»

«የኔ ካልሲ ወፍራም ነው። በሣሩ በሣሩ እሄዳለሁ።»

የሻሽወርቅ እግሯን ሰደደች። ጫማው ሰፋት። ጣቶቿን ብታንቀሳቅስ ከፊት ቦታ ተረፈ። ልጅቷ ጫማዋን ከጓደኞቿ ጋር ራሷ መግዛት ከጀመረች ቆይታለች፤ እናት ከሥራ የምትገባው ደግሞ ልጅ ስትተኛ ነው።

«መቼ ነው እግርሽ ከኔ የበለጠው?»

«ቆየ እኮ፣ ማሚ።»

የሻሽወርቅ ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ አማተበች፣ የሰይጣኑንም ድልድይ እያነከሰች ተሻገረች።

«አንቺንስ ልዘልሽ?» አለ ስለሺ ማህደርን።

«እኔም በእግሬ ነኝ» አለች።

የገዳሙ ደወል ለማታ ጸሎት ሲደወል ሦስቱም በጭቃ ተለውሰው ደጁ ላይ ደረሱ። የሻሽወርቅ ከልማዷ አልወጣችም፤ ጫማውን አወለቀች። ማህደር ቶሎ አንስታ ብብቷ ሥር ወሸቀችው።

«ይሄንንም ቀበሮ ይውሰደው?»

ገቡ። በጥቁር ፊቷ ከምትታወቀው የገዳሙ ማርያም ምስል ፊት የሻሽወርቅ ጃንጥላውን ከላስቲኩ አውጥታ ዘረጋችው፤ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ስንት ዓመት ያጠናችው ጸሎት ነበራት። አሁን ግን ሁሉም ጠፋባት። የልጇን የረጠበ ካልሲ አየች፣ ቀና ብላ ምስሉን አየች።

«እመቤቴ፣ እግሯን አየሽው?» አለች።