ጳጉሜ ስድስትን የማያውቅ መልእክት

የመስከረም አንድ ዕለት ጠዋት ልጃገረዶቹ አደይ ይዘው እየዘፈኑ ከጎንደር ቁስቋም ኮረብታ ሲወርዱ፣ ኢንስፔክተር ባንቺአየሁ አላምረው ሽቅብ ትወጣ ነበር። አንዷ አበባ ዘረጋችላት። ተቀብላ ኪሷ ከተተችው፤ ሬሳ ወዳለበት ቤት አበባ ይዞ መግባት ደስ አላላትም።

ሟቹ አኒስ ሐቢብ የሃያ ስምንት ዓመት ፕሮግራመር ነበር። በቢሮው የኮምፒውተሮች ክፍል ወለል ላይ፣ በቀጭን ፍራሽ፣ ጫማውን አውልቆ በጎኑ እንደተኛ ቀርቷል። በመስኮት ወደ ውጭ ይወጣ የነበረው የጄኔሬተሩ የጭስ ቱቦ ተነቅሎ ወደ ክፍሉ ዞሯል። ጄኔሬተሩ ነዳጁ እስኪያልቅ ሠርቶ ቆሟል።

«አደጋ ይመስላል» አለ ሐኪሙ። «የጄኔሬተር ጭስ ነው የገደለው። ሰዓቱን ግን በትክክል መናገር አልችልም።»

«ቱቦው ራሱን ነቅሎ ሲገባ መስኮቱንም ዘጋ?» አለች ባንቺአየሁ።

ሬሳውን ያገኘው የቢሮው ባለቤት ፋንታሁን ነው። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላቸውም አራቱ ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ እሱ፣ ሟቹ፣ ሃጂራና ሰውአገኝ።

«ሥራችሁ ምንድን ነው? ምንም እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ።»

«ክሊኒኩ የራሱ ፕሮግራም አለው፤ የሕሙማን መዝገቡ የራሱ፤ ፋርማሲውም የራሱ። እርስ በርስ አይተዋወቁም። እኛ በመካከል ሆነን እናገናኛቸዋለን። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል።»

ባንቺአየሁ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርታለች። «ወረቀት ከአንዱ መስኮት ተቀብሎ ለሌላው እንደሚያደርስ ተላላኪ?»

«ልክ እንደዚያ። ተላላኪውን ስክሪፕት እንለዋለን። አንዴ ከተጻፈ ሰው ሳይነካው በሰዓቱ ይሠራል። ያለውም አዲስ አበባ በሚገኝ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እዚህ መብራት ቢጠፋም አይቆምም።»

ትናንት፣ ዓርብ፣ መብራቱ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ውሏል። ፋንታሁን የበዓል በግ ሊገዛ በስድስት ሰዓት ኮሶዬ ወጥቶ እዚያው አድሯል፤ የገበያው ሰው ሁሉ አይቶታል። አኒስ ጁምዓ ሰግዶ በስምንት ሰዓት ተመለሰ። ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ ከስግደት መልስ እዚያ ፍራሽ ላይ ይተኛል። ሰውአገኝ በዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ ይላል፤ ከአሥር ሰዓት እስከ ማታም የእድሩን ድንኳን ሲተክል ታይቷል። ሃጂራ በአሥራ አንድ ሰዓት መጥታ እስከ አሥራ ሁለት ቆየች።

ፋንታሁን ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ዓርብ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ የገባ መልእክት ነው፦ «የዕለቱ ሥራ ተጠናቋል። መስከረም 1 ቀን 2008። አኒስ።»

«በየቀኑ ሥራ ሲጨርስ ራሱ እየጻፈ ይልክልኛል። እንግዲህ እስከዚያ ሰዓት በሕይወት ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ በኋላ እዚህ የነበረችው ሃጂራ ብቻ ናት።»

ሃጂራ የአኒስ የአክስቱ ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ስመጣ ጄኔሬተሩ ቆሟል፤ የውስጡ በር ተዘግቷል። ተኝቷል ብዬ እንዳልቀሰቅሰው ወንበር እንኳን ሳላንቀሳቅስ በላፕቶፔ ሠራሁ። ወላሂ፣ ኢንስፔክተር፣ በሩን ብከፍተው ኖሮ…»

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ግን መልእክቱ በቂ ነው አለ። ሃጂራ በዚያው ዕለት ታሰረች፤ ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ልትቀርብ ተወሰነ።

ሰውአገኝ ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ቀረበ።

«ምን ሆነህ?»

«ትናንት ማታ ለልጆቹ ችቦ ሳበራ ፈጀኝ። ሳምንቱን እንፍራንዝ ከተማ ለአዲስ ደንበኛ ፕሮግራም ስተክል ከርሜ ሐሙስ ማታ ነው የገባሁት። አኒስን በወጉ እንኳ አላወራሁትም።»

ባንቺአየሁ አስከፍታ አየችው። የተቃጠለው መዳፉና የጣቶቹ ውስጥ ነው። ፋሻውን መልሶ እንዲጠቀልል ነገረችው፤ ነገር ሆድ ውስጥ ሲያድር ይበስላል የምትል ሴት ናት።

ከአኒስ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ያገኘችው ግን እንቅልፍ ነሳት፦ «ታየች አዳሙ፣ ኮሶዬ። ዝም ሲባል "የለም" ይላል። ለሰውአገኝም ነግሬ ከበዓል በኋላ ለክሊኒኩ አሳውቃለሁ።»

እሑድ ኮሶዬ ወጣች። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የታየች አባት አያ አዳሙ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«ልጄ ያ መርፌ አይስማማትም ነበር። ካርዷ ላይ ተጽፏል፣ እኔም አውቃለሁ። በነሐሴ ወጓት፤ ከመኝታዋ አልተነሣችም» አሉ። «ኋላ አንድ የከተማ ልጅ መጣ፤ አኒስ ነው ስሙ። ጉልበቴን ይዞ አለቀሰ። ምነው? አልሁት። ፋርማሲው ‹የማይስማማት ነገር አለ ወይ› ብሎ ሲጠይቅ ማሽኑ ‹የለም› አለ፣ አለኝ። ማሽን ይዋሻል እንዴ፣ ልጄ?»

ባንቺአየሁ የአኒስን ደብተር አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ እንደገና አነበበች።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሃጂራ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣለች። የአኒስ አባት ሐጂ ሐቢብ ከፊት ለፊቷ ናቸው። ልጄን የእህቴ ልጅ ገደለችው ብለው ለማመን ሁለት ሌሊት ታግለው አልሆነላቸውም።

«አቶ ፋንታሁን፣ ዓርብ ቀኑ ስንት ነበር?»

«ጳጉሜ…» ፋንታሁን ቆም አለ። «ጳጉሜ ስድስት።»

«መልእክቱ ግን መስከረም አንድ ይላል።»

«በዓሉን እያሰበ ተሳስቶ ይሆናል» አለ ሰውአገኝ።

«ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። አኒስ ባለፈው ሳምንት ምን ሲሠራ ከረመ፣ አቶ ፋንታሁን?»

«ቀን ነጋሪውን ሲጠግን» አለ ፋንታሁን ቀስ ብሎ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብለው ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ነው። አሮጌው ጳጉሜ ሁልጊዜ አምስት ቀን ይመስለዋል። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት መሆኗን አያውቅም። አኒስ አዲስ ሠራ። ረቡዕ ሰብስቦን ‹አሮጌውን እንዳትጠይቁ፣ ዓርብ ይዋሻል› አለን።»

«ስለዚህ በጎንደር ከተማ ጳጉሜ ስድስትን የማይረሳ አንድ ሰው ቢኖር አኒስ ነበር። ያን መልእክት የጻፈው ሰው አይደለም፤ ቀኑን ከአሮጌው ቀን ነጋሪ ተቀብሎ፣ በአኒስ ስም በአሥራ አንድ ሰዓት እንዲልክ ቀድሞ የታዘዘ ስክሪፕት ነው። እስቲ የአሮጌውን መዝገብ ይክፈቱት።»

ፋንታሁን ከፈተው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አሮጌውን የጠየቀ የለም፤ አንድ ብቻ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት።

«ሃጂራ ሆን ብላ ልትሠራው ትችላለች!» አለ ሰውአገኝ።

«ራሷን ለማሳሰር? መልእክቱ ባይኖር አኒስ መቼ እንደሞተ ማንም አያውቅም ነበር። እሷ ላይ ጣት ያስቀሰረው እሱ ነው። ደግሞም እሷና አቶ ፋንታሁን ረቡዕ እዚህ ነበሩ። አሮጌው እንደሚዋሽ ያልሰማው እንፍራንዝ የነበረው ብቻ ነው።»

ባንቺአየሁ ወደ ሰውአገኝ ዞረች።

«እጅህን ችቦ ፈጀኝ ብለኸኛል። ችቦ እጅን የሚፈጀው ከላይ ነው፤ የጋለ ቱቦ የጨበጠ ግን መዳፉ ይላጣል። የቃጠሎ ቅባት የገዛኸውም ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ፋርማሲው ሲሸጥልህ ስምህን መዝግቦ አንተ ራስህ በጻፍኸው ስክሪፕት ወደ ሕሙማን መዝገቡ ልኮታል፤ ትናንት አስወጥቼ አየሁት። በጠራራ ፀሐይ ችቦ የሚበራው የት አገር ነው፣ ሰውአገኝ?»

ሰውአገኝ ፋሻውን በሌላው እጁ ጨበጠ።

«የመዝገቡ መልስ ሲዘገይ ፋርማሲው ይቆማል፣ ሰው ይጮኻል» አለ በመጨረሻ። «አምስት ሰከንድ ጠብቅ፣ መልስ ካጣህ ‹የለም› በል ብዬ ጻፍሁ። ታየች የተወጋች ዕለት መዝገቡ ተበላሽቶ ነበር። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው እንጂ… ኋላ ረሳሁት። አኒስ እናገራለሁ አለ። ለመንሁት። እምቢ ብሎ ተኛ።»

ሐጂ ሐቢብ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄን ስትገድልስ ለስንት ሳምንት ብለህ ነው?»

ፖሊሶቹ ሰውአገኝን ይዘው ወጡ፤ ሐጂ ሐቢብም የሃጂራን ራስ ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ሃጂራ ወደ ቤት አልሄደችም። የአኒስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ‹የለም› የምትለውን ያችን አንድ መስመር ፈለገች፤ አጠፋችና ሌላ ጻፈች። የመዝገቡን ግንኙነት አቋርጣ ሞከረችው። አምስት ሰከንድ አለፈ። ስክሪኑ ላይ «መልስ አልመጣም፤ መድኃኒቱ አይሰጥ» የሚል ወጣ።

ከሥሩ ማን እንዳስተካከለው መጻፍ ደንባቸው ነው። ሃጂራ «አኒስ ሐቢብ» ብላ ጻፈች።

ባንቺአየሁ ከኋላዋ ቆማ አነበበችው። «ተይው፣ እህቴ» አለቻት። «በሞተ ሰው ስም የተጻፈው ይበቃል።»

ሃጂራ እንባዋን ጠርጋ ሰረዘችው። «ሃጂራ» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም ለማንም ሳትተው በገዛ እጇ፣ መስከረም 3 ቀን 2008።