ከጎመኑ መደብ በታች

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጀምሮ በባሕር ዳር ላይ ያልተለመደ ዝናብ ወረደ፤ በወትሮው ፀሐይ የምታነድበት ወቅት ቀዘቀዘ፤ የጣና ውኃ ከሰማዩ ጋራ አንድ ዓይነት ግራጫ ለበሰ፤ ደሴቶቹም በጉም ውስጥ ጠፉ። አብዮቱ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ በከተማይቱም «ፀረ አብዮት» ተብሎ የተገደለን ሰው ማልቀስ ራሱ ወንጀል ሆኖ፣ እናቶች እንባቸውን በነጠላቸው ሥር ይውጡት ነበር።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን በሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ እስከ አጥሩ በሚደርስበት ስፍራ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጋራ ይኖሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ግማሾቹ ወደ ጦር ግንባር፣ ግማሾቹ ወዳልታወቀ ስፍራ ሲበተኑ ጉባኤያቸው ተፈታ፤ እሳቸውም ጓሮ መኮትኮት ያዙ። የዚያ ዓመት ጓሮ ግን አስቸገራቸው፤ ሽንኩርቱ በእርጥበት ከሥሩ በሰበሰ፤ የድንቹ ቅጠል ጠቆረ፤ ስለዚህ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ እያደረጉ ቦይ ይቆፍሩ ነበር።

አንድ ጠዋት ቦዩን ወደ ሐይቁ ለማውረድ ደንገሉን ሲመነጥሩ፣ ውኃው ገፍቶ ያመጣውን የአንድ ወጣት አስከሬን አገኙ። እጁ ወደ ኋላ ታስሯል፤ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ተጠርተው ባዩ ጊዜ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ለቀበሌ እናስታውቅ ይሆን?» አሉ በሹክሹክታ።

«ቢያውቁትስ ያስቀብሩታል? የቀበረውንም ከእሱ ጋራ ይቆጥሩታል እንጂ።»

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?»

«ዓሣ ሲበላው ዝም ብዬ፣ ምን አፍ ይዤ ማሕሌት እቆማለሁ?»

ዝናቡ የጎረቤት ጣራ እስከማያሳይ ድረስ ይወርድ ነበር፤ በዚያ ተከልለው ሁለቱ አረጋውያን ለጎመን የተዘጋጀውን መደብ አጠለቁት፤ አስከሬኑንም በመሪጌታ ጋቢ ገንዘው አስተኙት። መሪጌታ ፍትሐቱን ድምፅ ሳያሰሙ ደገሙ፤ ወዲያውም የጎመን ችግኝ ተከሉበት።

ጎመኑ ጸደቀ። የቀረው ጓሮ በብርዱ ሲገረጣ ያ መደብ ብቻ ጠቁሮና ሰፍቶ በቀለ፤ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ቢላዋ ይዘው አንድ ቀን እንኳ አልተጠጉትም። የቀበሌው ሊቀመንበር የጓሮ አትክልት ሊቆጣጠር መጥቶ «ይህን ለማን ነው የምታኖሩት?» ብሎ ሁለት እቅፍ አስቆርጦ በሄደ ጊዜ፣ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። መሪጌታም ዝናቡ ሲያባራ ከመደቡ ሰው ሲተነፍስ የሚሰሙ ይመስላቸው ነበር፤ ቆመው ያደምጣሉ፤ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቃቸው ስሙን አለማወቃቸው ነበር፤ በየዕለቱ ጸሎቱን ሲደግሙለት የሟች ስም ከሚጠራበት ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፋሉ፤ ያ ዝምታም ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ሄደ።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ እናትዓለም የምትባል ሴት ከደልጊ በጀልባ መጥታ፣ በሐይቁ ዳር ያለውን ቤት ሁሉ እያንኳኳች ከደጃፋቸው ደረሰች።

«የኔታ፣ ልጄን እፈልጋለሁ። አምሐ ይባላል፤ እዚህ ለትምህርት ነበር። አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ በጥቁር ክር እኔው ነኝ የጠገንሁለት። ወሰዱት አሉኝ፤ የት እንዳደረሱት የሚነግረኝ አጣሁ።»

መሪጌታ ያንን ጥቁር ክር አይተውታል። ይሁን እንጂ ሴቲቱን አያውቋትም፤ በእናት አምሳል የሚላክ ሰላይ አለ ይባል ነበር፤ ፍርሃት አንደበታቸውን ቀደመው።

«አላየሁም፣ ልጄ።»

እናትዓለም ዝናቡ እስኪያባራ ከጣራው ሥር እንድትጠለል ለመነች። ሥራ የለመደ እጅ አያርፍምና፣ ካፊያ ሲሆን ማንም ሳያርመው አረም ወደ ዋጠው የጎመን መደብ ሄዳ ቁጢጥ አለች፤ አረሙን እየነቀለች፣ አፈሩን በመዳፏ እየደለደለች እስከ ዳር ደረሰች። ከዚያም እጇን ታጥባ፣ አመስግና ወደ ወደቡ ሄደች።

ወለተ ጊዮርጊስ ከባላቸው ጎን ከደጃፉ ቆመው ሁሉን አዩ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ባላቸውን ከአንቱ በቀር ብለው የማያውቁ ሴት ያን ዕለት፣

«መርስዔ ኀዘን!» አሉ፤ «እናት በልጇ መቃብር ላይ አረም ስትነቅል እያየህ ዝም አልህ?»

ሽማግሌው ጥምጥማቸውን እንኳ ሳያነሡ በጭቃው ውስጥ ሮጡ፤ የጀልባው ገመድ ሊፈታ ሲል ደረሱ፤ ሴቲቱንም ለብቻዋ ጠርተው፣

«ዋሸሁሽ» አሏት። «እኔ ቀበርሁት። ያረምሽው እሱን ነው።»

ከወደቡ ሳንቃ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ቆመው ነበር፤ ፊቷ አልተለወጠም።

«ወዴት አዙራችሁ አስተኛችሁት?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«ማተቡስ?»

«ከአንገቱ አልወጣም።»

«እንግዲያስ በስሙ ጥሩት፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሐዋርያት ነው» ብላ ወደ ጀልባው ገባች፤ ወደ ጓሮው ብትመለስ ድምፅ አውጥታ እንደምታለቅስና ሦስቱንም እንደምታስጨርስ ታውቅ ነበርና።

መሪጌታ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያን ስም ጠሩ። ደርግ በወደቀ በዓመቱ እናትዓለም አንድ ቄስ አስከትላ ተመለሰች፤ ወለተ ጊዮርጊስ በምርኩዛቸው ስፍራውን አመለከቱ፤ አፅሙም ወጥቶ ደልጊ ካለው ቤተ ክርስቲያን ገባ። ሊለያዩ ሲሉ ወለተ ጊዮርጊስ ለሟች ባላቸው ይቅርታ ለመኑ።

«አፈር ስላለበሱልኝ ነፍሳቸውን ይማር» አለች እናትዓለም፤ «‹አላየሁም› ስላሉኝ ግን እግዜር ይፍታቸው፤ እኔ አልቻልሁም።»

ያን ዘመን የጻፉት ሁሉ ገዳይና ሟችን ለይተው አስቀምጠዋል። በገዛ እጁ የሰው ልጅ ቀብሮ በገዛ አፉ የካደውን ሽማግሌ ግን፣ ታሪክ ከየትኛው ወገን እንደሚያኖረው እስከ ዛሬ አልነገረንም።