ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ

«መቶ አንድን ሞክረውታል ቲቸር?» አለች ልጅቷ።

የሂሳብ መምህሩ ቀና አሉ። ነገ እንግዶች ፊት የምታነበውን ወረቀት ሰጥተዋት ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ወረቀቱ «የሂሳብ ክበባችን መለያ አንድ ሚሊዮን አንድ፣ ከራሱና ከአንድ በስተቀር ምንም የማያካፍለው ብቸኛ ቁጥር ነው» ይላል። ቁጥሩ 1,000,001 ተብሎ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ከተጻፈ ሳምንት ሆኖታል። የጻፈችው የልጅቷ እናት ናት፤ ሥራዋ ማስታወቂያ መጻፍ ነው።

መምህሩ ባለ አንድና ባለ ሁለት አኃዝ ብቸኛ ቁጥሮችን እስከ ዘጠና ሰባት አንድ በአንድ እንደሞከሩ፣ አንዱም ያለ ቀሪ እንዳላካፈለው ነገሯት። እውነታቸውን ነው። ችግሩ እዚያ ላይ መቆማቸው ነው። ከዘጠና ሰባት ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር መቶ አንድ ነው፤ አንድ ሚሊዮን አንድ ለመቶ አንድ ሲካፈል ደግሞ ልክ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ይሆናል። ሰውየው ከደጃፉ ደርሰው ነው የተመለሱት።

ደብተሯን ዘረጋችላቸው። አላዩትም። ግድግዳው ተቀብቷል፣ ግብዣው ተልኳል አሉ። እሷ ካላነበበች ሌላ ልጅ ያነባል፤ ስምንት ወር ለተዘጋጀችበት የሂሳብ ውድድርም ያ ልጅ ይሄዳል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሏት። የወረቀቱስ እውነት ነው፤ ደብተሯ የያዘውን አልለቀቀም። ንዴቱ ጆሮዋን አጋለው።

ጓደኛዋ ደጅ ትጠብቃት ነበር። «ፋራ አትሁኚ፣ አንብቢውና ተገላገይ። እንግዶቹ ቁጭ ብለው ሊያካፍሉ ነው እንዴ?»

ይሄ ይበልጥ አናደዳት። ቁጥሩ ማንም ስላላካፈለው ብቻ ብቸኛ አይሆንም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ብሩሽ ታጥባለች። የውድድሩን ነገር ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። እርግጠኛ መሆኗን ብቻ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሦስት ጊዜ አባዝታ እንዳረጋገጠች ነገረቻት።

«እኔ ፊደል ስገድፍ ሰው እስኪነግረኝ አልጠብቅም» አለች እናቷ። «መሰላሌን አቁሜ እወጣለሁ። አላፊ አግዳሚው ሲያየኝ አፍራለሁ፤ ግን እወጣለሁ። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ እንግዶቹ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ፊት ወንበር ያዙ፤ መምህሩም ወደ ማይክሮፎኑ ጠሯት። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ማይክሮፎኑን አልፋ ወደ ግድግዳው ሄደች። ከቦርሳዋ ከእናቷ የተረፈውን ሰማያዊ ቀለምና አንዲት ቀጭን ብሩሽ አወጣች። ከቁጥሩ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ለቁመቷ ልክ ነው፤ መሰላል አላስፈለጋትም።

የእኩል ይሆናል ምልክቱን ጻፈች፣ ከዚያ መቶ አንድን። ከኋላዋ ጉርምርምታ ተነሣ፤ መምህሩ እንድትመለስ ሲጠሯት ሰማች። ዞር አላለችም። የማባዣ ምልክቱን አስከትላ ብሩሹን እንደገና ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ገና አራት አኃዝ ይቀራታል።