የማይሞላው ጉድጓድ

ሪሃና ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው ጅረት ዳር ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ዐይኗን ከውሃው ላይ ካነሣች ቀለሙ የሚያመልጣት ይመስላታል። ስምንተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ እንዲህ የሚያጓጓ ቅዳሜ ገጥሟት አያውቅም።

ሐሳቡ የራሷ ነው። ከጅረቱ በታች የጓደኛዋ የይመኙሽ እናት፣ ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ሰላጣና ጎመን ያለማሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ የጤና ባለሙያ መጥቶ ውሃው የሽንት ቤት ፍሳሽ እንደተቀላቀለበት ነገራቸው። ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ እስከ ሰኞ ካልታወቀ በዚያ ውሃ ማጠጣት ይከለከላል። ለይመኙሽ ቤት ደግሞ ይህ ጉሮሮ መዝጋት ነው።

ሰፈርተኛው ጣቱን የቀሰረው ከላይ ባለው ፔንሲዮን ላይ ነበር። ሪሃና ግን በወሬ አልረካችም። ከአባቷ ሱቅ የሰፌድ አክርማ የሚነከርበትን የዱቄት ቀለም አመጣች። የሳይንስ መምህራቸው አቶ ክንዱም ሐሳቧን ወደዱትና የፔንሲዮኑን ባለቤት አስፈቀዱላቸው። ለማነጻጸሪያ አንድ እንከን የሌለው ቤት ያስፈልጋል ሲሉ ሪሃና እጇን ለማውጣት የቀደማት አልነበረም። ጠዋት በፔንሲዮኑ ሽንት ቤት ቀይ፣ በእነሪሃና ቤት አረንጓዴ ቀለም ተጨምሮ ብዙ ጀሪካን ውሃ ተደፋበት።

እንዴት ትጠራጠር? አባቷ ሐጂ ዐብዱልከሪም እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚኮሩት በዚያ ጉድጓድ ነው። ጎረቤቱ በየዓመቱ ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ሲጠራ፣ የእሳቸው ጉድጓድ ቤቱን ከገዙ ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም። «በረካ ያለው ቤት ጉድጓዱም አይሞላ» ይላሉ። ቤተሰቡም ሁልጊዜ ይስቃል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከአጠገቧ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ውሃ ሲንፎለፎል ሰማች። ቅርንጫፉን ገለጥ አደረገች። አንድ አሮጌ የሲሚንቶ ቱቦ ከአፈሩ አፉን አውጥቷል፤ ከአፉም አረንጓዴ ውሃ ይወርዳል።

ሠርቷል! በደስታ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከዚያ አረንጓዴው የማን እንደሆነ ትዝ አላትና አፏን መልሳ ገጠመችው።

ፊቷ በእፍረት ነደደ። ያ ሁሉ ዓመት የተሳቀበት በረካ በሰው ማሳ ላይ ሲፈስ ኖሯል። አባቷ በሰፈርተኛው ፊት ሲያቀረቅሩ ታያት። ቀለሙ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ታጥቦ ይጠፋል፤ ከእሷ በቀር ያየ የለም። ቅርንጫፉን ለቀቀችው።

ይመኙሽ ቀዩን ቀለም ከምትጠብቅበት ከፔንሲዮኑ በኩል እያለከለከች መጣች።

«እኔ ጋ ወፍ የለም» አለች። «ቀይ የሚባል አልወረደም። እማዬን ምን እላታለሁ?» ዐይኖቿ እንባ አቀረሩ። ከዚያ የሪሃናን ፊት አየችና፣ «ምን ሆነሻል?» አለቻት።

ሪሃና ቅርንጫፉን እንደገና ገለጠችው።

«አረንጓዴ ነው» አለች። «የኛ ነው።»

ይመኙሽ ውሃውን፣ ከዚያ ጓደኛዋን አየች። ሐጂ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ በቀስታ ጠየቀቻት።

«አንቺ እዚሁ ጠብቂ» አለቻት ሪሃና። «ቀለሙ ሳይጠፋ አባዬ ራሱ መጥቶ ይየው።»

ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው። አባቷ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሱቁን ሳይዘጉ መድረስ አለባት።