የተዘጋውን ፔይሮል የከፈተችው

«የተዘጋውን ፔይሮል ማን ከፈተው?»

የፋይናንስ ኃላፊው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ደመወዝ ክፍል ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አለች።

በአራቱም አቅጣጫ ያሉትን ቅርንጫፎች ደመወዝ የምትሠራው እሷ ናት። ባልደረቦቿ «ቁልፏ» ይሏታል፤ የወሩን የደመወዝ ስሌት አንዴ ከዘጋች የመጣ ቢመጣ አትከፍትም። ባለፈው ወር የምዕራቡ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ራሱ ደውሎ ቢለምናት «በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግታበታለች። ትናንት ግን ከምሥራቁ ቅርንጫፍ ሲደወልላት ማንንም ሳታስፈቅድ የምሥራቁን ከፍታ፣ ሳይገባ የቀረውን የጥበቃ ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት አስገባች።

«በሩን ዝጊና ተቀመጪ። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ አይቼዋለሁ። ግን ለምዕራቡ እምቢ ብለሽ ለምሥራቁ የከፈትሽው ለምንድን ነው? ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን አላችሁ?»

ያ ሰውዬ የምሥራቁ ቅርንጫፍ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስልጠና ላይ ወንበር አንሶ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብበው ተቀመጡ። አሰልጣኙ ስለ ጡረታ መዋጮ ሲያብራራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ራሱ ጡረታ ሳይወጣ ይጨርስ ይሆን?» አላት። ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲህ አይታው አታውቅም። በየወሩ የሠራተኞቹን ሰዓት ሲልክ ትደውልለታለች፤ ስለ አበልና ስለ ፈቃድ አውርተው ይዘጋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እሷ ግን ያችን ስልክ ወሩን ሙሉ ትናፍቃለች።

ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ነገሩ ካልጠራ ተመሳጥረው ሰረቁ መባሉ አይቀርም፤ እሷም እሱም ከሥራ ይባረራሉ።

«ስለምወደው ነው» አለች።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«የኔ ልጅ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «እንግዲህ የምሥራቁን ለሌላ ሰው ታስረክቢያለሽ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ይደርስሻል። አሁን እዚሁ ስፒከር ላይ ደውዪና ሌላ ሰው እንደሚረከብሽ ንገሪው፤ እኔም ልስማ።»

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሆኖም ተሳስታ ደግማ መታችው።

«ሄሎ! ምነው፣ በሰላም ነው?»

«ኃላፊያችን አጠገቤ ናቸው፤ ይሰሙሃል። ከዚህ በኋላ ያንተን ቅርንጫፍ ሌላ ሰው ነው የሚሠራው።»

«በትናንቱ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጌታዬ፣ እሷን አይቅጧት፤ እኔን ይቅጡኝ።»

«በእሱ ብቻ አይደለም። ስለምወድህ ነው። ለምወደው ሰው ቅርንጫፍ መሥራት አልችልም፤ እጄ ያዳላል።»

ኃላፊው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም ጌታዬ።» ድምፁ ሻክሯል። «ብቻችንን ቢተዉን?»

ኃላፊው ወጡ፤ በሩንም ሳብ አድርገው ዘጉላት። መነጋገሪያውን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ወጥተዋል።»

«በየወሩ ከምልክልሽ ውስጥ አንድ ነገር አጎድል ነበር» አለ። «አንዴ ፊርማ፣ አንዴ ቀን። ደውለሽ እንድትጠይቂኝ። በዚህ ወር የጥበቃዎቹን ትርፍ ሰዓት አስቀረሁ፤ አንቺ ደግሞ አልደወልሽም።»

«ሥራ በዝቶብኝ ሳላጣራ ዘጋሁት…» ቀጥሎ ነገሩ ገባት። «አንተ! የሰው ላብ ነው እኮ! ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ሰዎች ያንተ መጫወቻ ናቸው?»

«አይደሉም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልወረደልኝም።»

መቆጣት ነበረባት፤ ተቆጥታለችም። ፊቷ ግን እሺ አላላትም፤ ፈገግታው ቀደማት።

«መጥተህ ይህንኑ ለኃላፊው ራስህ ትነግራቸዋለህ። ማስጠንቀቂያውን ብቻዬን አልሸከምም።»

«ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምሳ ትጋብዘኛለህ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ ሰው ደመወዝ ስናወራ ስለ እኔ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«አሁን ልጠይቅሽ?»

«አይሆንም» አለች። «ፊትህን እያየሁ ነው የምመልስልህ።»