የባዘዘው አሮጊት

ባዘዘው መካኒኩ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ በሚያዝያ 2002 አንድ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከገዛ መኪናው ሥር ሞቶ ተገኘ። እኛ ጎረቤቶቹ «ይቺ አሮጊት አንድ ቀን ትበላሃለች» ስንለው ስለኖርን፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ እያለቀስንም «ብለን ነበር» ማለታችን አልቀረም።

«አሮጊቷ» የምንላት ላንድክሩዘሩን ነው። ከልጁ ከሂዊ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእሷ የሚያምር መኪና ሞልቷል፤ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ግን፣ በቅሎ እንኳ አስባ የምትወርደውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚደፍር ሌላ አልነበረም። ባዘዘው ክብደቷን የሚሸከመውን የብረት ባሌስትራዋን አወፍሮ ቁመት ጨመረላት፤ ወንዝ ስትሻገር ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ የአየር መሳቢያዋን እስከ ጣሪያዋ አወጣላት፤ ከጭቃ ራሷን የምትጎትትበት የብረት ገመድ ከፊቷ አሰረላት። ለራሱ ካፖርት ሳይቀይር እሷን ሲያለብስ ኖረ። ያቺ ያለበሳት ታዲያ ማክሰኞ ከበረሃ ስትመለስ የግራ ኋላ ባሌስትራዋ ተሰበረ፤ ረቡዕ ጠዋት እሱን ሊቀይር ገብቶ ነው የቀረው።

ኢንስፔክተር አካለ ወልድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በእግሩ መጣ። መኪና ስለማይስማማው ከተማውን የሚያካልለው በእግሩ ነው፤ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላው ከብብቱ አይወጣም። ልጅ ሳለ ዜማ ስለተማረ፣ ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ ያንጎራጉራል።

ግቢው ተዳፋት ነው። መኪናዋ ወደ ላይ ካነሣት ክሪክ ላይ ወርዳ፣ ወደ ኋላ ተንሸራትታ፣ በቀኝ ጎኗ የድንጋዩን አጥር ተደግፋ ቆማለች። በቀኝ ጎማዎቿና በአጥሩ መካከል አንድ ስንዝር አይሞላም። የጎን መስታወቷ ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል። ሬሳውን ጎረቤት አውጥቶ ቤት አስገብቶታል፤ ሐኪምም አይቶታል። አሮጊቷን ግን የነካት የለም።

ኢንስፔክተሩ እንደ ገባ ክርክር ጠበቀው።

«ፈርሚና ነገሩ ይለቅ» ይላሉ ለሂዊ ወረቀት የዘረጉት አቶ ይስማው፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፤ የይጁቤ እህል ነጋዴ ናቸው። «ባለማወቅ ያደረግሽውን ማን ይፈርድብሻል? መኪናዋን እንሸጣታለን፤ አንቺም ከእኔ ጋር ይጁቤ ትገቢያለሽ። ሴት ልጅና ግራሶ ምን አገናኘው ብዬ ነበር፤ ማን ሰማኝ?»

«አልፈርምም፣ አያ» አለች ሂዊ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ አገጯ ግን ዝቅ አላለም። «መኪናዋም አትሸጥም።»

«ወረቀቱን እስቲ ልየው» አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «‹እኔ ሂዊ ባዘዘው፣ ትናንት መኪናዋን ሳቆም የቀኙን የፊት ጎማ ሎክ ሳልቆልፍ በመርሳቴ፣ አባቴ ለሞት መዳረጉን አምናለሁ…›»

«ውሸት ነው» አለች። «ሁለቱንም ቆልፌ ነው ያቆምኳት። ይኸን ለፖሊስም ለጳጳስም እላለሁ። አባቴን ገድያለሁ ብዬ ፈርሜ ከምኖር፣ እውነቱን ተናግሬ ብታሰር ይሻለኛል።»

«ሎክ ደግሞ ምንድነው? እኔ ከመኪና የማውቀው መስኮቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ለማስመለስ።»

ሂዊ ሳትወድ በግድ ፈገግ አለችና ወደ ግራው የፊት ጎማ ወሰደችው። መሃሉ ላይ በእጅ የሚዞር፣ የብርጭቆ አፍ የሚያክል ክብ ነገር አለ። «ሎክ ይኸ ነው። ከተቆለፈ የፊት ጎማዎቹም ከኋላዎቹ ጋር አብረው ይሠራሉ። የአሮጊቷ የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ከተነሣ ፍሬኑ ዋጋ የለውም፤ ትንሸራተታለች። ሁለቱን ሎክ ቆልፈው በአራቱም ጎማ ማርሽ ካስገቧት ግን የፊቶቹ ይይዟታል።»

«ከጎማ ሥር ድንጋይ አታደርጉም? የጭነት መኪና ረዳቶች ሲያደርጉ አያለሁ።»

«ታኮ ነው የሚባለው። አባቴ አይወድም። ‹ድንጋይ ለጋሪ ነው፤ አሮጊቷ ራሷን ትችላለች› ይላል…» እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ይል ነበር።»

«ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢከፈትስ?»

«አንዱ ከተከፈተ ሁለቱም እንደ ተከፈቱ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ። የግራው ሎክ ተቆልፏል። የበረሃው ቀይ ጭቃ ከጎማው ብረት ተነሥቶ፣ በሎኩ ፊት አልፎ፣ እንደ ተሰመረ መስመር ሳይቆረጥ ደርቋል። ማንጎራጎር ጀመረ።

«በአባትሽ ኪስ ምን ነበር?»

መሐረብ፣ ጥቂት ቆሎ፣ አንዲት ስንዝር የምትሆን ጥቁር የጎማ ቁራጭ። «የፍሬን ቱቦ ናት» አለች ሂዊ። «ለምን እንደ ያዛት አላውቅም። አዲስ ትመስላለች።»

ኢንስፔክተሩ ቁራጯን ኪሱ ከትቶ ወደ በሩ ወጣ። ደጅ ድንጋይ ላይ ምናለ ተቀምጦ ያለቅሳል። ከባዘዘው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት አብሮ የሠራ፣ የጋራዡ ሸሪክ ነው። ኀዘኑን አይተን «ወዳጅ እንዲህ ነው» ያልነው እኛው ነን።

«ገብተህ አላየኸውም?»

«እንዴት ብዬ፣ ጌታዬ! ከዚህ በር እግሬ አላለፈም። ያቺን መኪና ማየት አልችልም። ጎረቤቱ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

እውነት ነው፤ መስክረንለታል።

«መቼ መጣህ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ደምበጫ ነው ያደርኩት፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ።»

«ወረቀቱ የማን ጽሕፈት ነው? ያምራል።»

«የእኔ ነው። አቶ ይስማው ለመጻፍ ሲቸገሩ አይቼ፣ እዚሁ ተቀምጬ ጻፍኩላቸው። ለልጅቷም ብዬ ነው፤ ፍርድ ቤት ይራራላታል።»

«ልበ ሩኅሩኅ ነህ። የበሩ ቁልፍ ስንት ሰው ጋ አለ?»

«ባዘዘው፣ ሂዊና… እኔ።»

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ሳይጠሩ መጡ። እሳቸው ያላዩት ነገር በሠፈራችን ሆኖ አያውቅም። «ጎህ ሲቀድ ኪዳን ለማድረስ ስወጣ፣ ጋቢ የተከናነበ ወንድ ከዚህ ግቢ ወጥቶ በሩን ቆለፈ። ባዘዘው መስሎኝ ‹እንዴት አደርክ› ብለው ዝም አለኝ። ለካ ባዘዘው አልነበረም፤ ባዘዘው አፉ አያርፍም ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ግቢው ተመለሰ። የተሰበረውን መስታወት አንሥቶ በጃንጥላው ጫፍ ላይ በመሐረብ አሰረው፤ በአጥሩና በቀኙ ጎማ መካከል አስገብቶ ሂዊን ጠራት። ሁለቱ በደረታቸው ተኝተው አዩ። ከዚያ በኋላ ማንጎራጎሩን ተወና አቧራውን አራግፎ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደ፤ በእግሩ።

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ሳለ፣ ኢንስፔክተሩ ሂዊን፣ አቶ ይስማውን፣ እማሆይንና ምናለን ከመኪናዋ ፊት አቆመ። ምናለ በሁለት ፖሊስ ተደግፎ ነው የገባው፤ መኪናዋን ላለማየት ፊቱን በነጠላው ሸፍኗል።

«ሬሳው ሳይወጣ ልጨርስ» አለ ኢንስፔክተሩ። «አቶ ይስማው፣ ዛሬ ጠዋት ከይጁቤ ምን አመጣዎት?»

«ወንድሜ ትናንት ደወለልኝ። ‹ነገ ና፣ የማሳይህ አለ› አለኝ። ፒክአፔን እሱ ጋ ትቼ ነበር፤ ፍሬኗ እየላላ አስቸግሮኝ።»

«ፍሬኗን ቀደም ብሎ የሠራልዎት ማን ነበር?»

«ምናለ ነው፤ ባለፈው ወር። አዲስ ቱቦ አስገብቼልዎታለሁ ብሎኝ።»

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ ያቺን ቁራጭ አውጥቶ በጥፍሩ ፋቃት። ጥቁሩ ቀለም እየተላጠ ወረደ፤ ከሥሩ ያረጀ፣ የተሰነጣጠቀ ጎማ ብቅ አለ። «ወንድምዎ ሊያሳይዎት የነበረው ይኸን ነው። አሮጌ ቱቦ፣ ቀለም የተቀባ።»

አቶ ይስማው ቁራጯን ከእጁ ወስደው አገላበጧት። «ልጆቼን እኮ ነው በዚያች መኪና ትምህርት ቤት የማደርሰው…»

«ይኸ ምክንያቱ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «አሁን ወደ አሮጊቷ። የግራውን ሎክ ተመልከቱ፤ የጭቃው መስመር አልተቆረጠም። የቀኙን በመስታወት አየነው፤ ተከፍቷል። የጭቃው መስመር ግን መሃሉ ላይ ተሰብሯል፤ ሎኩ ላይ ያለው ቁራጭ ወደ ጎን ዞሯል። መልሰን ብንቆልፈው ይገጥማል። ይኸ ማለት ጭቃው ሲደርቅ ሎኩ እንደ ተቆለፈ ነበር ማለት ነው። ልጅቷ አልረሳችም። ጭቃው ከደረቀ በኋላ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ሰው ገብቶ ከፈተው። አንዱን ብቻ። ባዘዘው ታኮ እንደማያደርግ፣ አንዱ ሎክም እንደሚበቃ የሚያውቅ ሰው ነው። አቶ ይስማው ሎክን ከመሶብ ክዳን አይለዩም።»

«አልለይም፣ እውነትዎን ነው» አሉ አቶ ይስማው።

«የቀኙ ሎክ በአጥሩ ተከልሎ ነው ያለው፤ እኔ በጃንጥላ ነው ያየሁት። ወረቀቱ ግን ከእኔ ቀድሞ ‹የቀኙን› ይላል። ምናለ፣ ከበሩ እግርህ ካላለፈ፣ የግራውንም የቀኙንም ካላየህ፣ የቀኙ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ምናለ ነጠላውን ከፊቱ አወረደ። «ገመትኩ።»

«የደምበጫውንም አውቶቡስ ገምተሃል። የመጀመሪያው ዛሬ መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ መናኸሪያ የገባው አራት ሰዓት ተኩል ነው። አንተ በሦስት ሰዓት ደጅ ድንጋይ ላይ ታለቅስ ነበር።»

ምናለ ወደ ሂዊ ዞረ፤ እንባው ደርቋል። «ሲደውልላቸው ሰምቼዋለሁ! ለአንዲት ቱቦ ብሎ ወንድሙ ፊት ሊያዋርደኝ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሱ ሥር ስንፏቀቅ ኖሬ!»

«እሱም ከመኪና ሥር ነበር የሚፏቀቀው» አለች ሂዊ። «የሰው ልጅ ፍሬን አጥቶ ገደል እንዳይገባ። ወረቀትህን ውሰድ፣ አንተ ፈርምበት።»

ባዘዘውን በሰዓቱ ቀበርነው።

ሠልስቱ ባለፈ ማግስት ከጋራዡ የመዶሻ ድምፅ ሰማን፤ እንደ ልማዳችን ልናይ ሄድን። ሂዊ አሮጊቷን ወደ ቦታዋ መልሳታለች። ሁለቱን ሎክ በእጇ ቆለፈች። ቀጥሎ፣ አባቷ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አምጥታ ከጎማው ፊትና ኋላ ሸጎጠች። በክሪኩ አንሥታት በጀርባዋ ተኝታ ገባች።

«ኧረ ልጄ ውጪ!» ጮኹ አቶ ይስማው። «ሰው የሞተበት ቦታ ነው! ሽጫት ብዬሽ አልነበር!»

«እሁድ ታክመው ወደ በረሃው ቤታቸው የምመልሳቸው ሁለት ሕመምተኞች አሉብኝ፣ አያ» አለ ከሥር የመጣው ድምፅ። «እዚያ ቆመው ከሚጮኹ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ያቀብሉኝ።»

አቶ ይስማው ዞር ዞር ብለው አዩን። እኛም ወደ ሰማይ አየን። ከዚያ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ ከሣጥኑ አንድ ቁልፍ መርጠው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወደ ውስጥ ዘረጉ።

ዘይት የነካ እጅ ቁልፉን ተቀብሎ መልሶ አወጣው።

«ይኸ አሥራ ሰባት ነው፣ አያ።»