የዘርፌ እንቅልፍ

ሲስተር እማዋይሽ ከሰዓት በኋላ የአራሶችን ቤት ትዞራለች። በክረምት ከጣርማበር የሚወርደው ጉም ከተማዋን ሲውጣት፣ ከፊት የሚሄደው ሰው ሳይታይ የሳሉ ድምፅ ብቻ በሚሰማበት ዳገት ላይ ጃንጥላዋን ይዛ እየወጣች፣ የእናቲቱን ትኩሳት፣ የልጁን እትብት ታያለች፤ ከዚያ ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ትጠይቃለች። ታለቅሻለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ልጅሽን ስታዪው ምን ይሰማሻል?

የዘርፌ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ወጥቷል። ሊያርሷት የመጡት እናቷም ክርስትናው እንዳለፈ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። መስኮቱ ተዘግቶ የጨለመው ቤት የኮመጠጠ ወተት ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ፣ ገና የተቆፈረ እርጥብ አፈር የሚመስል ሽታ አለ። ዘርፌ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ጎድጉደዋል።

"ሰሞኑን ሆድ ይብስሻል? ታለቅሻለሽ?"

"ቅድም ጠይቀሽኝ የለም እንዴ?"

እንቅልፍ ያጣ ሰው ነገር ይምታታበታል ብላ፣ እማዋይሽ ጠጋ አለችና እጇን ያዘችው። በረዶ ነው።

"አሁን መግባቴ ነው፣ የኔ እህት። እስቲ ንገሪኝ።"

"አለቅሳለሁ። ሲነጋ፣ ምነው ባልነጋ እላለሁ።" ድምፅዋ ሰለለ። "ልጄን ጠልቼው አይደለም፣ ሲስተር። ደክሞኝ ነው። ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል።"

"ይኼ ሕመም ነው፤ ይድናል። ያንቺ ጥፋት አይደለም።"

የዘርፌ እንባ ያለ ድምፅ ወረደ። ሕፃኑ ግን ዝም ብሏል። ዓይኑን ከእማዋይሽ ትከሻ በላይ ተክሎ፣ ወዲያና ወዲህ የሚንጎራደድ ሰው የሚከተል ይመስል ቀስ እያለ ያንከራትተዋል። ዞር ብላ አየች። የጓዳው መጋረጃ ብቻ ነው። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት አፏን ዘግታ የምታንጎራጉር መሰላት፤ ወዲያው ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረና ሌላ ነገር አልሰማ አላት።

ዘርፌን እንዲህ እንደሆነች ጥላት አትሄድም። አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች፤ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ደጃፉ ላይ፣ በሰውነቷ በሩን ሞልታ፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ደወለች። ሌላ መውጫ የለም። በአጠገቧም ማንም አላለፈም።

"እየመጡ ነው፣ አይዞሽ" ብላ ስትመለስ ዘርፌ ጋደም ብላለች። ፊቷ ፈታ ብሏል፤ ክንዶቿ ባዶ ናቸው። እማዋይሽ ብርድ ልብሱን ገፈፈች፤ በጉልበቷ ተንበርክካ አልጋው ሥር በእጇ ዳበሰች፤ መጋረጃውን ገለጠች። ከባዶው ጓዳ ያ የአፈር ሽታ ፊቷን መታት።

"ዘርፌ! ልጁስ? ልጁ የት አለ?"

ዘርፌ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ፣ "አሁን ገብተሽ 'ስጪኝ፣ አንቺ ተኚ' ብለሽ የተቀበልሽኝ አንቺው አይደለሽ እንዴ?" አለቻት።